የጠፉት አዝራሮች ዕዳ

ሊኑክስ በተባለው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ላይ የሚሠራው ግኖም የተባለው ዴስክቶፕ (መስኮቶችንና ምናሌዎችን የሚያሳየው ገጽታ) እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2011 ሦስተኛ ትውልዱን ይዞ ሲወጣ፣ መስኮት ማሳነሻውና ማስፋፊያው አዝራር ከቦታው ተነሥቶ፣ የተከፈቱ መስኮቶች ዝርዝርም ከስክሪኑ ግርጌ ጠፍቶ ነበር። የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በዚያው ዓመት አማርሮ ኤክስኤፍሲኢ ወደተባለ ሌላ ዴስክቶፕ ተሻገረ። በ2013 ወደ ግኖም ሲመለስም የጎደለውን በኤክስቴንሽን፣ ማለትም በዴስክቶፑ ላይ በሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ እየሞላ ነበር።

አሠራሮችን የቀነሱት የግኖም አዘጋጆች መከራከሪያ ቀላል አይደለም። አንድ የማብሪያ ማጥፊያ ምርጫ በተጨመረ ቁጥር ሊፈተሽ የሚገባው ሁኔታ በእጥፍ ያድጋል፤ አሥር ምርጫዎች ብቻ 1,024 ቅንጅት ይወልዳሉ። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ደግሞ ብዙዎቹ ያለ ክፍያ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ «ሁሉም ይመለስ» የሚለው የነባር ተጠቃሚዎች ጩኸት ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም።

ነገር ግን ምርጫው ሲነሣ ፍላጎቱ አብሮ አይነሣም። የግኖም ፋይል ማሰሻ ናውቲለስ በ2012 በኤፍ3 ቁልፍ መስኮቱን ለሁለት የሚከፍለውን አሠራር ሲያስወግድ፣ ቀኑን ሙሉ ፋይል ከአቃፊ ወደ አቃፊ የሚያመላልሰው ሰው ሥራው አልቀረለትም። ሊኑክስን አዘጋጅቶ የሚያሰራጨው የሊኑክስ ሚንት ፕሮጀክት ከናውቲለስ ኮድ ተነሥቶ ኒሞ የተባለ የፋይል ማሰሻ ሲሠራ ያንን አሠራር ይዞ ቀጠለ። በ2017 ደግሞ ግኖም 3.26 ከበስተጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ምልክት የሚታይበትን ሥፍራ አጠፋ። በዚያው ዓመት ወደ ግኖም የተመለሰው ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ አከፋፋይ ምልክቶቹንም ቋሚውን የፕሮግራሞች መደርደሪያም በራሱ ኤክስቴንሽኖች መልሶ አስገባቸው። እጅግ ከታወቁት አከፋፋዮች አንዱ የተቀነሰውን መልሶ ሳይለጥፍ ለሕዝብ ማቅረብ ካልደፈረ፣ ቅሬታውን የጥቂት አክራሪዎች ቅብጠት ማለት ያስቸግራል።

እውነተኛው ችግር፣ በእኔ እይታ፣ የተቀነሰው ሁሉ የተጠጋበት ኤክስቴንሽን ራሱ መሠረት የሌለው መሆኑ ነው። ኤክስቴንሽን የዴስክቶፑን የውስጥ ኮድ በቀጥታ ስለሚነካካ፣ በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ሲወጣ ብዙ ጊዜ ይሰበራል። በሴፕቴምበር 2023 የወጣው ግኖም 45 የኮድ አጫጫኑን ስለለወጠ፣ ነባር ኤክስቴንሽኖች ካልተስተካከሉ በቀር አይሠሩም ነበር። ከዋናው ፕሮጀክት የተራገፈው የጥገና ሸክም እንዲህ በየኤክስቴንሽኑ ጸሐፊ ጫንቃ ላይ ያርፋል፤ እርሱም ያለ ክፍያ የሚሠራ ነው። ግኖም አዝራሮቹን ባይመልስ እንኳ፣ ቢያንስ ኤክስቴንሽን ከዴስክቶፑ ጋር የሚገናኝበትን፣ ለጥቂት ዓመታት የማይለወጥ መገናኛ ለጸሐፊው ሊሰጠው ይገባል።