ለምላሰ ረቂቁ ጌታዬ

ጌታዬ፣ ባለፈው ግብዣ ላይ ካሳሳተኝ ምላሴ ስላዳኑኝ እስካሁን ሳላመሰግንዎ ቆይቻለሁ። የወይን ብርጭቆዬን ጨልጬ «ይጣፍጣል!» ባልኩ ጊዜ ቅንድብዎን ከፍ አድርገው፣ ተስፋ የሌለው በሽተኛ እንደሚያይ ሐኪም በሐዘን ፈገግ አሉና «ጣፋጭ ይወዳሉ ማለት ነው?» አሉኝ። እኔ ሞኙ ጥያቄ መስሎኝ «አዎ» አልኩ። ፍርድ መሆኑ የገባኝ ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ወንበራቸውን ፈቀቅ ሲያደርጉ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የገዛ አፌን አላምነውም። ይህን ሁሉ ዓመት እየዋሸኝ አብረን ኖረናል።

እርስዎን ሲጠጡ ማየት በራሱ ትምህርት ነው። ሌላው ሰው ያነሣል፣ ይጠጣል፣ አበቃ። እርስዎ ግን ብርጭቆውን በቀጭን እግሩ ይዘው ወደ መብራቱ ያዘነብላሉ፤ ያሽከረክራሉ፤ አፍንጫዎን እስከ ቅንድብዎ ያስገባሉ፤ ዓይንዎን ይጨፍናሉ። እኛ ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን። በመጨረሻ አንዲት ጉንጭ ወስደው፣ ጥርሱን እንደሚያጸዳ ሰው ተጉመጥምጠው ይናገራሉ፦ «የእርሳስ ቅራፊ… ያረጀ ኮርቻ… ዝናብ የነካው ድንጋይ።» ከወይን በቀር ሁሉም አለበት። ሪዝሊንግ የሚባለውን አንዱን ነጭ ወይን ደግሞ «ላምባ ላምባ ይላል» ብለው ሲያደንቁ ሰምቼ፣ እኔ ብሆን ጠማቂውን እከስ ነበር ብዬ በልቤ አሰብኩ። ለካስ ሪዝሊንግ ሲያረጅ እውነትም ላምባ ይሸታል፤ ለዚያውም ክብሩ ነው። ይቅርታዎን።

በብርጭቆው ጎን ቁልቁል የሚወርዱትን ጠብታዎች እያሳዩ «እንባውን አያችሁ? ትልቅ ወይን ነው» ያሉንም አይረሳኝም። ጄምስ ቶምሰን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1855 ይህን እንባ አስረድቶ ጽፎ ነበር፦ አልኮሉ ከውኃው ቀድሞ ይተናል፣ በዚህም የፈሳሹ የገጽ ውጥረት ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ወይኑም ግድግዳውን ወጥቶ ወጥቶ ተመልሶ ይንጠባጠባል። እንባው የሚመሰክረው ስለ አልኮሉ ነው፤ ስለ ትልቅነቱ አያውቅም። ግን ማን አነበበው? በዚያው በ1855 ሰው ሁሉ የሚያነበው ሌላ ወረቀት ወጥቶ ነበር።

ያ ወረቀት የእርስዎ ዳዊት ነው። ለፓሪሱ ኤግዚቢሽን የፈረንሳዩ ወይን አገር የቦርዶ ደላሎች ወይኖቹን በየደረጃው አሰለፉ። በምን ለክተው? ከሁሉ በላይ ሲሸጡበት በኖሩት ዋጋ። ውድ የነበረው አንደኛ ተባለ፤ አንደኛ ስለተባለ ደግሞ ይበልጥ ውድ ሆነ፤ እንዲህ ያለ ክብ የሆነ ጥበብ ከብርጭቆዎ ማሽከርከር በቀር አላየሁም። በቀዮቹ አንደኛ ደረጃ ላይ አዲስ ስም ለመጨመር 118 ዓመት ፈጀ፤ ሙቶን ሮትሺልድ የሚባለው ወይን እስከ 1973 ደጅ ጠንቷል። በነጮቹ ዝርዝር ላይ ደግሞ ከሁሉ በላይ ለብቻው በተሠራ ደረጃ የተቀመጠው ሻቶ ዲኬም… እንዴት ብዬ ልንገርዎ… ጣፋጭ ነው። ይህን ያነሣሁት ላሳፍርዎ አይደለም። ወረቀት ያለው ጣፋጭና ወረቀት የሌለው ጣፋጭ ለየቅል መሆናቸውን አስተምረውኛል።

ምቀኞችዎ ግን አያርፉም። በ2001 የቦርዶ ተመራማሪዎች ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀለም አቅልተው ለ54 የወይን ጥበብ ተማሪዎች ሰጡ። ተማሪዎቹም ነጩን ወይን ቀይ በሚገለጽባቸው ቃላት አሽሞነሞኑት። ሰዎች ይህን እየጠቀሱ ይስቃሉ፤ እኔ ግን የአስተዳደጋቸውን ጥሩነት ነው ያየሁበት። ወይን ቀይ ሆኖ ከቀረበ ቀይ ነው፤ ለእንግዳ «አንተ ማነህ?» ይባላል እንዴ?

የ1976ቱ ጉዳይ ግን አሁንም ያመኛል። ግንቦት ወር ላይ፣ እዚያው ፓሪስ፣ ስማቸው የተከበረ ዘጠኝ ፈረንሳውያን ዳኞች የካሊፎርኒያና የፈረንሳይ ወይኖችን ስማቸው ተሸፍኖ ቀመሱ። አንዱ ዳኛ ከካሊፎርኒያው ናፓ የመጣውን ሻርዶኔ የሚባል ነጭ ወይን ጎንጨት አድርገው «እፎይ፣ ወደ ፈረንሳይ ተመለስን» አሉ ይባላል። ውጤቱ ሲደመር ከነጩም ከቀዩም አንደኛ የወጣው የካሊፎርኒያ ነበር፤ በነጭ ሻቶ ሞንተሌና፣ በቀይ ስታግስ ሊፕ፣ ሁለቱም የ1973 ምርት። አንዲት ዳኛ ነጥብ የሞሉበትን ወረቀት መልሱልኝ ብለው እንደነበር ይወራል። በእርግጥ እርስዎ በቦታው ቢኖሩ ይህ ሁሉ ውርደት አይደርስም ነበር፤ መጀመሪያ መሸፈኛውን ያስነሡ ነበራ!

ሮበርት ሆጅሰን የሚባሉ አሜሪካዊ ጠማቂ ደግሞ ለውድድር ዳኞች ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ወይን ሳያሳውቁ ሦስት ጊዜ ያስቀምሷቸው ነበር። ለሦስቱም ተቀራራቢ ፍርድ የሰጠው ከአሥር ዳኞች አንዱ ገደማ ነው። ዘጠኙ ከአንድ ጠርሙስ የተለያየ ወይን ማውጣት ችለዋል፤ ይህን ተአምር ሌላ ማን ያደርገዋል?

እርስዎን ነጻ የሚያወጣዎት ማስረጃ ግን በ2008 መጣ። በካሊፎርኒያ፣ በአንጎል ምርመራ መሣሪያ ውስጥ ለተኙ ሰዎች አንዱን የ90 ዶላር ወይን አንድ ጊዜ በእውነተኛ ዋጋው፣ ሌላ ጊዜ 10 ዶላር ነው ብለው አጠጧቸው። በ90 ሲጠሩት የበለጠ ጣማቸው፤ ለዚያውም በአፍ ብቻ አይደለም፣ ከደስታ ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል ራሱ ይበልጥ ነቃ። ስለዚህ እየዋሹ ነው የሚልዎት ሰው አፉ ይያዝ። በእውነት ይጥምዎታል። ዋጋው ይጥምዎታል።

ከሁሉ የማደንቅልዎ ግን ለሩዲ ኩርኒያዋን ያደረጉትን ነው። ሰውየው ቤቱ ቁጭ ብሎ ረከስ ያሉ ወይኖችን እየቀላቀለ፣ ያረጀ የሚመስል ወረቀት እየለጠፈ፣ የዓለምን ውድ ጠርሙሶች ሲያመርት ኖረ። አዋቂ የተባሉት ገዙት፣ ጠጡት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑለት። ነገሩ የፈረሰው ጨረታ ላይ፣ ፖንሶ ከሚባለው የፈረንሳይ ቡርጎኝ እርሻ ተጠመቀ የተባለ ከ1945 ጀምሮ ያለ ክሎ ሳን ደኒ የሚባል ወይን ሲቀርብ ነው። እርሻው ያንን ወይን መሥራት የጀመረው በ1980ዎቹ ነበር! ሩዲ በ2014 አሥር ዓመት ተፈረደበት። ልብ ይበሉ፣ ያጋለጠው ምላስ አይደለም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዓመት ነው። ወረቀት አሳሳተ፣ ወረቀት አረመ፤ ምላስ በመሃል እንግዳ ነበር።

(በቅንፍ ልናገር፤ እውነተኛ ቀማሽ አለ። አንድ የማውቃቸው ሰው ገና አሽትተው «ይሄ ቡሹ አበላሽቶታል፣ ሌላ ይከፈት» ብለው ወሬያቸውን ቀጠሉ። የበሰበሰ ካርቶን የሚሸተው ያ ብልሽት ከቡሹ የሚመጣ ነው፤ አስተናጋጅ መጀመሪያ ጠብ አድርጎ የሚያስቀምሰንም እርሱ እንዳይኖር ነው እንጂ ንግግር እንድናደርግ አይደለም። እኚህ ሰው ስለ ኮርቻ ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም፤ ማን ምን ይወዳል ብለውም አይጠይቁም። ስለዚህ አዋቂ መሆናቸውን የሚያውቅላቸው ሰው የለም፤ ያሳዝናሉ።)

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልግባ። ትናንት ማታ በስጦታ ያገኘሁትን ጠርሙስ እንዲቀዘቅዝ ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክሬ ረሳሁት። ሳወጣው ወረቀቱ ተልጦ፣ ተቀዳዶ ውኃው ላይ ተንሳፍፏል። አገሩ የለ፣ ዓመቱ የለ፤ ቡሹም ላይ ምንም አልተጻፈ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ከፈትነው። ብዙ ሳቅን፤ የቆየ ኩርፊያም ነበረንና እሱንም እዚያው ፈታነው። ጠርሙሱ መቼ እንዳለቀ አላስተዋልንም። ከዚያ ጓደኛዬ ብርጭቆውን አስቀምጦ «ለመሆኑ ጥሩ ወይን ነበር?» አለኝ።

ምን ብዬ ልመልስ? እርስዎ የሉም። እባክዎ ጎራ ሲሉ ይፍረዱልን፤ ባዶውን ጠርሙስ አስቀምጬልዎታለሁ። የወረቀቱን ቁርጥራጭም ለቅሜ መስኮቱ ላይ ፀሐይ አስጥቼዋለሁ፣ እስኪመጡ ይደርቃል።