ሁላችሁም እዛ ነበራችሁ፣ አምነናል

እኔ በዚህ በአሜሪካ እንደ አላባማና ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ደጋፊ የማከብረው ህዝብ የለም። የሚስቱን ልደት ሦስት አመት በተከታታይ የረሳ ሰውዬ በ1972 ዲሴምበር ላይ የተመታች ኳስ በየት ጎን እንደነጠረች ቁጭ ብሎ ያስረዳሃል። ስጦታ ነው ባክህ! ያውም የኛ ኳስ አይደለችም፣ ስሟ ፉትቦል ሆኖ በእጅ የሚይዟት ሞላላዋ ናት፣ እና እንዳጠናሁት ከሆነ በእግር የተመታች ቀን ነው ጉዱ የሚመጣው።

አትላንታ ዳርቻ ላይ ጎረቤቴ የሆኑት ሽማግሌ የበርሚንግሃም ሰው ናቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ቀን ትርጉሙን ጠየቁኝና «ኮች ማለት ነው» ብዬ ዋሸኋቸው፣ ይኸው ከዛን ቀን ጀምሮ ጋሼ ስላቸው ደረታቸው ይነፋል። አላባማ ዩኒቨርሲቲን በደጁ አልፈው እንጂ ገብተውበት አያውቁም፣ እድሜያቸውን የጨረሱት ቧንቧ ሲጠግኑ ነው፣ ግን «ያኔ እኛ ዋንጫ ስናነሳ» ይሉሃል። እኛ! 1961፣ 64፣ 65፣ 73፣ 78፣ 79 እያሉ እንደ ዳዊት ይደግሙልሃል። ስድስቱንም ከቤር ብራያንት ጋር አብረው ያነሱ ነው የሚመስልህ።

ቤር ብራያንት ማነው ካልክ ገድሉ እንዲህ ነው። ፖል ብራያንት በልጅነቱ አርካንሳስ ውስጥ ትርኢት ላይ ከድብ ጋር ልታገል ብሎ ወጣ፣ ስሙም በዛው ቤር፣ ማለትም ድብ፣ ሆኖ ቀረ። ድቡ ጋሼ ባወሩት ቁጥር ይወፍራል። አምና በበር አይገባም ነበር፣ ዘንድሮ ጋራዥም አልበቃው ብሏል። ሰውዬው ከ1958 እስከ 1982 አላባማን አሰለጠነ፣ በአሰልጣኝነት ዘመኑ በጠቅላላ 323 ጨዋታ አሸነፈ፣ የመጨረሻውን ጨዋታ ባሸነፈ በ28ኛው ቀን ሞተ። ደግሞ ያቺ ነጭና ጥቁር ቼክ ባርኔጣው አለች። ጣሪያ ያለው ስታዲየም ሲገባ አያደርጋትም፣ እናቱ ቤት ውስጥ ባርኔጣ አይደረግም ብላዋለቻ። ወሬው እዚህ ጋ ሲደርስ ጋሼ የራሳቸውን ኮፍያ አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጣሉ፣ እኔም አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ፣ ምን ላርግ።

አምና ለታንክስጊቪንግ ቤታቸው ጠሩኝ። የዚያው ሰሞን ነው አላባማና ኦበርን የሚገጥሙት፣ አይረን ቦውል ይሉታል፣ እና የጋሼ አማች የለየለት የኦበርን ሰው ነው። ልጅቷን የሰጡት ምን ነክቷቸው እንደሆነ እስካሁን አይናገሩም። ጸሎት ተደረገ፣ ተርኪው ሳይቆረጥ አማቹ ጨው መነስነሻውን አነሳ። ሚስትየው «አሁን ደግሞ ጀመሩ» ብላ ልጆቹን ትንሽ ራቅ አደረገቻቸው።

ጨው መነስነሻው የኦበርኑ ተጫዋች ክሪስ ዴቪስ ነው። ጊዜው ኖቬምበር 30፣ 2013፣ 28 እኩል። ሰዓቱ አልቋል፣ ሰው ሁሉ ለጭማሪ ሰዓት እየተዘጋጀ ነው፣ የአላባማው ኮች ሳባን ግን «አንድ ሰከንድ ይቀረናል፣ ትመለስልን» ብሎ ተከራከረ፣ ቪዲዮ ታየና ተመለሰችለት። በዛች ሰከንድ ከ57 ያርድ ልምታ አለ፣ ኳሷ አጠረች፣ ዴቪስ ከጀርባ ቆሞ ተቀበላትና ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሮጦ ነጥብ አረገባት። 34 ለ 28። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለካ አስቀድሞ ለአላባማ ኖሯል። አማቹ ጨው መነስነሻውን በዳቦዎቹ መሀል እያሽሎከለከ አስሮጠው። ዳቦዎቹ የአላባማ ልጆች ናቸው፣ ለምት የሚወጣው ቡድን ደግሞ ወፍራም ወፍራሙ ነው፣ ልክ እንደ ዳቦዎቹ ማንም ሊይዘው አልቻለም። የግሬቪው ሳህን ተገለበጠ። «እዛ ነበርኩ!» አለ።

በርግጥ ነበረ። እኔ እስከዛሬ ያገኘሁት የኦበርን ሰው በሙሉ እዛ ነበረ። ስታዲየሙ ያኔ የሚይዘው ወደ 87 ሺ ሰው ነበር ግን ፍቅር ካለ ይጠባል እንዴ? በ1972ቱም እንዲሁ ሁሉም ነበሩ፣ ያኔ አላባማ 16 ለ 0 እየመራ ቆይቶ፣ ኳሷን ወደ ኦበርን ሜዳ አርቆ ሊመታ ሲል የኦበርኑ ቢል ኒውተን ጨረፋት፣ ዴቪድ ላንግነር ለቅሞ ሮጠ። ትንሽ ቆይቶ ያው ኒውተን ጨረፈ፣ ያው ላንግነር ለቀመ። 17 ለ 16። እንደ ፎቶ ኮፒ። ጋሼ ሃምሳ አመት አልፎትም ይህን ሲሰሙ «ያው መስመር ላይ ያለው ልጅ ሰነፈ» ይላሉ። ልጁ አሁን አያት ሆኗል እኮ፣ ይቅር አይባልም?

ጨዋነታቸውንስ ብታይ። በ2010 ኦበርን ከ24 ለ 0 ተነስቶ 28 ለ 27 ሲያሸንፍ አንድ የአላባማ ደጋፊ ሄዶ ኦበርን ከተማ ያሉትን የደጋፊዎቹን ታዋቂ የኦክ ዛፎች መርዝ ረጨባቸው፣ ከዛ ሬዲዮ ላይ ራሱ ደውሎ አወራ። ግልጽነት ማለት ይሄ ነው። ዛፎቹ በ2013 ተነቀሉ፣ እሱም ታሰረ።

ጋሼ የ2013ቷን ሰከንድ መልስ ሲያጡባት ሁሌም ወደ ቤር ነው የሚሸሹት። «በ1954» አሉ፣ ያኔ ቤር የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ነበር፣ ልጆቹን ጃንክሽን የምትባል ድርቅ የመታት ከተማ ወስዶ አስር ቀን ውሃ እየከለከለ አሰለጠናቸው፣ ብዙዎቹ በሌሊት ሳይቀር እየጠፉ ሄዱ። «ወንድ የተሰራው እዛ ነው!» ብለው ጠረጴዛውን መቱት። ያ ሁሉ ጥም ተጠምተው በዚያ አመት አንድ አሸንፈው ዘጠኝ መሸነፋቸውን አማቹ ሹክ አለኝ። ዝም በል አልኩት፣ የተቀደሰ ነገር ላይ ሂሳብ አይገባም።

ግን 1954 ሲሉ እኔም አመለጠኝ። «እኛም 1954 አለን» አልኩ። በኛ አቆጣጠር መሆኑን መናገር አላስፈለገኝም። አዲስ አበባ፣ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ግብጾች 2 ለ 1 እየመሩ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አረጋት፣ በጭማሪው ወንድሙ ኢታሎ ደገመ፣ አራተኛዋን መንግስቱ ወርቁ፣ 4 ለ 2፣ አሸነፍን! ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ ልጆቹ ሁሉ ዝም አሉ።

ጋሼ አፍጥጠው አዩኝ። «እዛ ነበርክ?»

እኔ የተወለድኩት ከዛ ሀያ አመት ቆይቶ ነው።

«ነበርኩ እንጂ!» አልኳቸው።

ራሳቸውን በአክብሮት ነቅነቅ አድርገው የኬቻፑን ጠርሙስ ወደኔ ገፉልኝ። መንግስቱ ወርቁን ክራንቤሪው አጠገብ አቆምኩት።