ሩጫ ብቻውን አያረጋጋውም
ቦርደር ኮሊ ስለተባለው የውሻ ዝርያ በወጣው ጽሑፍ ላይ «ቦርደር ኮሊን በቀን ሁለት ሰዓት ካስሮጡት ቤት ውስጥ ይረጋጋል» በሚለው ሐሳብ ፈጽሞ አልስማማም። ይህ ዝርያ በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር አካባቢ ኮረብታ ለኮረብታ በግ ሲሰበስብ እንዲውል ተመርጦ የተዳቀለ ነው፤ ባስሮጡት ቁጥር ትንፋሹ ይጠነክራል እንጂ አይደክምም። የሚያደክመው ጭንቅላቱን የሚያሠራው ነገር ነው። ቼዘር የተባለችው ቦርደር ኮሊ እኮ ከ1,000 በላይ መጫወቻዎችን በየስማቸው ለይታ ታመጣ ነበር! እንዲህ ያለ አእምሮ ሥራ ካጣ ጥላና ብስክሌት ማሳደድ ይጀምራል። የእኛዋ ኳስ ስንወረውርላት ከምትውል ምግቧን ሣር ውስጥ በትነንላት እያነፈነፈች ስትለቅም ነው ቶሎ ጋደም የምትለው። ከጽሑፉ ሥር ስለ ውሻቸው «የልጆቼን ተረከዝ ትነክሳለች፣ ክፉ ናት» ብለው አስተያየት ለሰጡት እናት፦ ክፋት አይደለም፣ የሚሮጠውን ሁሉ እንደ መንጋ የመሰብሰብ ደመ ነፍሷ ነው፤ እባክዎ አይምቷት። አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኗን ተክላ ማድባት ስትጀምር ያኔውኑ በስሟ ይጥሯት፤ ዞር ካለች ወዲያው የምትወደውን ይስጧት። አንዴ ከተወረወረች በኋላ ግን ጥሪዎ አይገባትም፤ ስለዚህ እስክትለምድ ድረስ ልጆቹ ሲሯሯጡ በገመድ ትያዝ፣ ብቻቸውንም አይተዋቸው።