የላታ ማንጌሽካር ውርስ በዘፈን ብዛት አይለካም

ስለ ህንዳዊቷ የፊልም ዘፋኝ ስለ ላታ ማንጌሽካር የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከቁጥር ይጀምራል። የጊነስ የድንቃ ድንቅ መዝገብ በ1974 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከ25,000 ያላነሰ ዘፈን ማስቀረጿን ጻፈ፤ የሙያ ባልደረባዋ ዘፋኙ መሐመድ ራፊ ተቃወመ፤ ከዓመታት በኋላም መዝገቡ ከመጽሐፉ ወጣ። ዘፈኖቿን ከሸክላና ከፊልም እየለቀሙ የቆጠሩ ሰዎች ያገኙት ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ቁጥሩ በመቀነሱ ከላታ የሚጎድል ነገር የለም። የእኔ ክርክር፣ ትልቁ ሥራዋ በፊልም ውስጥ የማይታየው ዘፋኝ ስም እንዲኖረው፣ እንዲሸለምና ከሸክላው ሽያጭ ድርሻ እንዲጠይቅ ማድረጓ ነው የሚል ነው።

በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች የህንድ ፊልም እያየ ያደገ ሰው የተዋናዮቹን ስም ይቆጥራል እንጂ ድምፁ የማን እንደሆነ እምብዛም አይጠይቅም። አሠራሩም ለዚህ የተመቸ ነው። ትዕይንቱ ከመቀረጹ በፊት ዘፈኑ ስቱዲዮ ውስጥ ይቀረጻል። የዜማ ደራሲው ዜማውን ለዘፋኟ ያስጠናታል፤ ላታ ግጥሙን በራሷ እጅ ጽፋ ነበር የምታጠናው። ከዚያ ኦርኬስትራው እዚያው ተሰብስቦ ከእሷ ጋር አብሮ ይጫወታል። በ1940ዎቹና በ50ዎቹ እያንዳንዱን መሣሪያ ለብቻ ቀድቶ በኋላ ማዋሃድ አልነበረም። አንድ ቫዮሊን ተጫዋች መጨረሻው ስንኝ ላይ ቢስት ዘፋኟም ተጫዋቾቹም ከመጀመሪያው ይደግማሉ። የተቀዳው ድምፅ ፊልሙ በሚነሳበት ቦታ በድምፅ ማጉያ ይለቀቅና ተዋናይዋ ከንፈሯን ታስማማለች።

በዚህ ሥራ ላይ በቀላሉ የሚበላሸው ትንፋሽ ነው። ማይክሮፎኑ አጠገብ የሚሳብ አየር ከቃሉ እኩል ይሰማል፤ ቃል መሐል ከተነፈሱ ደግሞ ግጥሙ ይቆረጣል። የዜማ ደራሲው አኒል ቢስዋስ በቃላት መካከል ሳይሰማ እንዴት እንደሚተነፈስ እንዳስተማራት ላታ ራሷ ደጋግማ ተናግራለች። ሌላው ፈተና የቃል አወጣጥ ነበር። የማራቲ ተናጋሪ ናት፤ የፊልሞቹ ግጥም ግን በኡርዱ ቃላት የተሞላ ነው። ተዋናዩ ዲሊፕ ኩማር ይህን ሲነቅስባት አላኮረፈችም፤ የኡርዱ መምህር ይዛ ፊደሉንና አነባበቡን ተማረች። አዘጋጁ ሻሻዳር ሙከርጂ ድምፅሽ ቀጭን ነው ብሎ መልሷት ነበር፤ የዜማ ደራሲው ጉላም ሃይደር ግን በ1948 ዕድል ሰጣት። አባቷ ዲናናት ማንጌሽካር በ1942 ሲሞቱ ገና 12 ዓመቷ ነበርና ቤተሰቡን የምታስተዳድረው እሷ ነበረች። ሥራ ተከልክሎ መመለስ ማለት ለእሷ የዕለት ጉርስ ማጣት ነበር።

በ1949 የወጣው «ማሃል» ፊልም ሁሉንም ነገር ለወጠ። የኬምቻንድ ፕራካሽ ዜማ ድምፁ ከሩቅ እየቀረበ እንዲመጣ ይጠይቃል። ይህን የሚሠራ መሣሪያ ስላልነበረ ማይክሮፎኑን ክፍሉ መሐል አቆሙት፤ ላታ ከጥግ ጀምራ እየዘፈነች ተራመደች፤ ዋናው ዜማ ሲጀምር ማይክሮፎኑ ጋ ደረሰች። እርምጃዋ ከፈጠነ ወይም ከዘገየ እንደገና ነው፤ ብዙ ጊዜም ደገሙት። ሸክላው ሲወጣ ግን የዘፋኟ ስም «ካሚኒ» ተባለ፤ ካሚኒ የፊልሙ ገጸ ባሕርይ ናት። አድማጮች የዘፋኟን ማንነት ለማወቅ ሬዲዮ ጣቢያውን በጥያቄ አጨናነቁት፤ ስሟም ይፋ ወጣ።

ቀጣዩ ትግል ሽልማት ነበር። የህንድ ፊልም ሠሪዎች የሚሸለሙበት የፊልምፌር ሽልማት ለዜማ ደራሲ እንጂ ለዘፋኝም ለገጣሚም ቦታ አልነበረውም። በ1957 የዜማ ደራሲዎቹ ሻንካርና ጃይኪሻን ሲሸለሙ ላታ መድረክ ላይ እንድትዘፍን ተጠየቀች፤ እምቢ አለች። ሽልማቱ ለዜማው ብቻ ከሆነ ያለ ድምፅና ያለ ግጥም በመሣሪያ ይጫወቱት የሚል ነበር ምላሿ። በ1959 ለዘፋኝ ሽልማት ሲጀመር የመጀመሪያዋ ተሸላሚ እሷ ሆነች።

ይበልጥ የከበደው የገንዘቡ ነገር ነው። ዘፋኝ ለአንድ ቀረጻ አንድ ጊዜ ይከፈለዋል፤ ሸክላው ለአሥርት ዓመታት ቢሸጥ የእሱ አይደለም። ላታ በ1960ዎቹ ሮያሊቲ፣ ማለትም ከሸክላው ሽያጭ ድርሻ ጠየቀች። ራፊ ደግሞ ዘፋኝ ክፍያውን ከተቀበለ ጉዳዩ አለቀ አለ። በዚህ ተቀያይመው ለዓመታት አብረው አልዘፈኑም። የራፊን ደግነት የሚጠራጠር የለም፤ እዚህ ላይ ግን ልክ የነበረችው ላታ ናት። ራፊ በክፍያው ሊኖር ይችል ነበር፤ ስሙ ያልተሰማ የኅብረት ዘፋኝ ግን በአንድ ቀን ክፍያ እርጅናውን አይገፋም።

ነቀፌታም አለባት፤ መሸሽ አይገባም። እሷና እህቷ አሻ ቦስሌ ለረጅም ዘመን መስኩን በመያዛቸው አዳዲስ ሴት ድምፆች ቦታ አጡ። በ1995 ለ21 ዓመቷ ተዋናይ ለካጆል የዘፈነችው የ66 ዓመቷ ላታ ነበረች። ከ1970 ጀምሮ ፊልምፌር ለአዲሶች ይሰጥ ብላ ራሷን ከውድድር አውጥታለች፤ ግን ወጣት ዘፋኝ ከዋንጫ በፊት ሥራ ነው የሚፈልገው። ጥፋቱን ሁሉ እሷ ላይ መጫን ግን ትክክል አይመስለኝም፤ ያልተሞከረ ድምፅ ይዘው ገንዘባቸውን ለአደጋ ማጋለጥ ያልፈለጉት አዘጋጆቹ ናቸው።

የህንድ የቅጂ መብት ሕግ በ2012 ተሻሽሎ ለንግድ ከሚውል ሥራቸው ከዋኞች ሮያሊቲ እንዲያገኙ ደነገገ። ላታ 82 ዓመቷ ነበር። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2022 ሙምባይ ውስጥ በ92 ዓመቷ አርፋለች።

አሁን የቀረው ሥራ የእኛም ነው። የድሮ የህንድ ዘፈን በማኅበራዊ ሚዲያ ስንለጥፍ አሁንም የምንጽፈው የተዋናይዋን ስም ነው። በ1959 ያሸለማትን «አጃ ሬ ፓርዴሲ» የሚለጥፍ ሰው ከተዋናይዋ ከቫይጃያንቲማላ ስም ጎን ዜማ ሳሊል ቾውድሪ፣ ግጥም ሻይሌንድራ፣ ድምፅ ላታ ማንጌሽካር ብሎ ይጻፍ።