እርማት፦ አምፖሉ ሶኬቱ ውስጥ ገባ ማለት ተፈቀደ ማለት አይደለም

«የመኪናውን የፊት መብራት ሃሎጅን (ባለ ክር አምፖል) አውጥታችሁ በኤልኢዲ ቀይሩት፤ ዋቱ አነስተኛ ነው፣ ካርቶኑም ላይ ሲኢ (CE) የሚል ምልክት ስላለ የመኪና ምርመራ ያልፋል» የሚል ምክር እየተደጋገመ ነው። በቅንነት የተሰጠ ይመስላል፤ ግን ስህተት ነው።

የፊት መብራት የሚጸድቀው ከታዘዘለት የአምፖል ዓይነት ጋር ነው። ሲኢ አምራቹ ራሱ የሚለጥፈው የአውሮፓ የምርት ምልክት ነው እንጂ የመንገድ ፈቃድ ምልክት አይደለም፤ የሚፈለገው በክብ ውስጥ ያለ ኢ (E) እና ከጎኑ ያለው የአገር ቁጥር ነው። መብራቱ አካል ላይ ኤች 4 (H4) ወይም ኤች 7 (H7) የሚል የአምፖል ዓይነት ተቀርጾ ካያችሁ የጸደቀው ለዚያ ባለ ክር አምፖል ነው።

ምክንያቱ ዋት አይደለም። የመብራቱ አንጸባራቂ የተቀረጸው በሃሎጅኑ ውስጥ ግላ ለምታበራው ቀጭን ክር ትክክለኛ ቦታ ነው። የኤልኢዲ ቺፖች በግራና በቀኝ ስለሚለጠፉ ብርሃናቸው እንደ ክር ዙሪያውን እኩል አይወጣም፤ በ1 ሚሊ ሜትር ቢዛነፉ እንኳ ወደ ላይ ይረጫል። ሾፌሩ ከአፍንጫው ሥር ያለው አስፋልት ስለሚደምቅለት የተሻለ ያየ ይመስለዋል፣ ከፊት የሚመጣው ግን ለጥቂት ሰከንድ ምንም አያይም። በጣም የሚያሳስበው ይሄ ነው።

ለማየት ያህል፣ ደልዳላ መሬት ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ርቃችሁ አጭር መብራት አብሩ። መብራቱ ላይ 1% (ብርሃኑ ወደ ታች የሚያዘነብልበት ልክ) ከተጻፈ የብርሃኑ ጠርዝ ከመብራቱ መሃል 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ጥርት ማለት አለበት። ከጠርዙ በላይ የተበተነ ብርሃን ካለ ሰው ያሳውራል። ጠርዙ ጥርት ቢል እንኳ ፈቃድ አይሆንም።

አንዳንድ አገሮች የተወሰኑ ኤልኢዲዎችን ለተዘረዘሩ የመኪና ሞዴሎች ብቻ አጽድቀዋል። ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናችሁ ሞዴልና የመብራቱ የማጽደቂያ ቁጥር ዝርዝሩ ውስጥ መኖራቸውን አረጋግጡ።