ቅርጻ ቅርጹ ሰምና ወርቅ ይኑረው

በወንዝ ዳር መሄጃዎች ላይ ከተፈጥሮና ከግጥም የተቀዱ ቅርጻ ቅርጾች ይቁሙ የሚለው ሐሳብ ደስ ብሎኛል። የአቃቂ ልጅ ነኝና ትንሽ ልጨምር።

ወፍ ከተቀረጸ ወፍ ብቻ ባይሆንስ? ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ከድልድዩ በኩል ሲያዩት ክንፉን የዘረጋ ሽመላ፣ ዞር ብለው ከውሃው በኩል ሲያዩት ጀሪካን ያዘለች ሴት ቢሆን ሰው ቆም ይላል። ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ያለውን የድንጋይ አንበሳ አስቡት። በ1948 ዓ.ም. የቆመ ነው። ቁርጥ አንበሳ አይመስልም፤ ግን የማያውቀው የለም፣ ቀጠሮም እዚያው ነው።

ነሐስ ግን ይቅር። እኛ ሰፈር የቦይ ክዳን እንኳ ውሎ አያድርም። ድንጋይ ይሁን፣ ልጆች ይውጡበት። ድንጋዩ ላይ የሚጻፈው ግጥምም ሁለት ስንኝ፣ በጉልህ ፊደል ይበቃል። ደግሞ ከፍ ብሎ ይቁም፤ ክረምት ላይ ወንዙ ፌስታልና ያረጀ ጫማ ተሸክሞ ነው የሚመጣው።

ሽታውስ? አፍንጫችንን ይዘን እንዴት እናነባለን? ይሄው ውሃ እኮ አባ ሳሙኤል ግድብ ገብቶ አዋሽን ይቀላቀላል። መጀመሪያ እሱ ይጽዳ። ከዚያማ ጠዋት ታክሲ ስጠብቅ ሁለቱን ስንኝ በቃሌ እይዛቸዋለሁ።