ሙሽሪት ጠመንጃ

ጥቅምት ሲያልቅ ወዳጄ ደወለልኝና «ና፣ አልቃለች፤ እያት» አለኝ። ምኗ አለቀ ብዬ አልጠየቅኩም። ሦስት ዓመት ሙሉ «ገና ትንሽ ይቀራታል» ስትባል የኖረችው የአደን ጠመንጃው ናት። ሙሽራ ለማየት ባዶ እጅ አይኬድምና አንድ ጠርሙስ ወይን ይዤ እዚሁ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ያለው ቤቱ ሄድኩ።

የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎላት ተጋድማለች። ሰደፏ ላይ የጉንጭ ትራስ፣ ጀርባዋ ላይ የጎረምሳ ክንድ የሚያህል የማነጣጠሪያ መነጽር፣ ሆዷ ሥር ሁለት እግር፣ አፈሙዟ ላይ ርግጫ መቀነሻ፣ ጎኗ ላይ የጥይት ኪስ። ከመነጽሩ አናት ላይ ደግሞ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ማዘንበሏን የምትናገር ውኃ ልክ ተሰክታለች። አዎ፣ የግንበኛ ውኃ ልክ። ጠመንጃዋ ስትገዛ 3 ኪሎ ከሩብ ነበረች፤ አሁን 5 ኪሎ ተኩል ገብታለች። አማቱ እማማ ከአገር ቤት ለጥየቃ መጥተው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ብዙ ካዩዋት በኋላ «ጥሎሹስ በዝቶላታል፤ ለመሆኑ ለማን ነው የምትዳሩት?» አሉ።

እማማ የምንሽር ዘመን ሰው ናቸው፣ አይፈረድባቸውም። አባታቸው አንድ ምንሽር፣ አንድ የቆዳ ማንገቻና አንድ ዝናር ነበራቸው፤ በቃ። ከዚያ በፊት የነበሩት ደግሞ ውጅግራ ይዘው ዓድዋ ዘመቱ። ውጅግራ ማለት የፈረንሳዩ የ1874 ስሪት፣ አንድ ጥይት አጉርሰው ተኩሰው እንደገና የሚያጎርሱት ጠመንጃ ነው። ውኃ ልክ ሳይኖራቸው እንዴት እንዳሸነፉ የታሪክ ምሁራን ሊያስረዱን ይገባል።

እኔ ግን ወዳጄንና መሰሎቹን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። ተራ አዳኝ ስለ አጋዘን ያስባል፤ አጋዘን የት ውላ የት እንደምታድር፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ሲያጠና ቀኑ ይመሽበታል። እነዚህ ግን ከእንዲህ ያለ ጠባብ አስተሳሰብ ወጥተዋል። የአጋዘኑን ጉዳይ ለአጋዘኑ ትተው ጠመንጃዋን ይኩላሉ።

ጥበባቸው ደግሞ የሚገርም ነው፤ አንዱ ዕቃ ሌላውን እንዲወልድ አድርገው ነው የሚገዙት። ወዳጄ መጀመሪያ ከ5 እስከ 25 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 56 ሚሊ ሜትር የሆነ መነጽር ገዛ። መስታወቱ ሰፊ ስለሆነ በርሜሉን እንዳይነካ መነጽሩን ከጠመንጃዋ ጋር የሚይዝ ከፍ ያለ ቀለበት አስፈለገው። መነጽሩ ከፍ ሲል ጉንጩና ሰደፉ ተለያዩ፤ አንገቱን እንደ ሰጎን ካልመዘዘ በቀር አይታየውም፤ ስለዚህ የጉንጭ ትራስ ተገዛ። ትራሱ፣ ቀለበቱና መነጽሩ ሲደመሩ ጠመንጃዋ በእጅ የማትያዝ ሆነች፤ ሁለት እግር ተገዛላት። እግሩ ሲጨመር ማንገቻው ትከሻውን ቆረጠው፤ ሰፋ ያለ፣ ስፖንጅ ያለው ማንገቻ መጣ። ሰፊው ማንገቻ ከድሮው መንጠቆ ጋር አልተስማማም። የመንጠቆውን ታሪክ ልተወው፤ ብቻ ከነማጓጓዣው 64 ዶላር ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልገዛም፤ የቀለበቱን ብሎኖች በልክ የሚያጠብቅ መፍቻ። የፋብሪካው ወረቀት በ20 ኢንች ፓውንድ ገደማ ጠበቅ ይደረግ ይላል፤ ወዳጄ ደግሞ «እጄ ያውቀዋል» ይላል። መነጽር ከላላ ጥይቱ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ እንደሚያርፍ ማንም ተኳሽ ይነግርሃል፤ ግን መፍቻ ፎቶ ላይ ምን ያምራል?

ለጋስነቱንም ልናገር። አፈሙዟ ላይ ያለው ርግጫ መቀነሻ የባሩዱን ጋዝ ወደ ጎን እየለቀቀ ትከሻውን ያሳርፈዋል። ጩኸቱም አብሮ ወደ ጎን ይሄዳል። ተኩስ መለማመጃው ቦታ ከጎኑ የተቀመጡት ሰውዬ በመጀመሪያው ጥይት ዘለሉ፣ በሁለተኛው ዕቃቸውን ሰበሰቡ። የራሱን ርግጫ ለጎረቤት ጆሮ እንዲህ አካፍሎ የሚበላ ሰው የት ይገኛል? ለእሱም አሁን ድምፅ ማፈኛ ሊጨምርበት ነው። ማፈኛ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ይከፈል የነበረው የ200 ዶላር ግብር ከ2026 መባቻ ጀምሮ ዜሮ ገብቷል፤ «መንግሥት ራሱ ግዛ እያለኝ ነው» ብሎኛል። የፌዴራሉ ምዝገባና ፈቃድ እንዳለ መቅረቱን አንስቼ ደስታውን አላደፈረስኩም።

በዚያ ቀን 40 ጥይት ይዞ ሄዶ 5 ተኮሰ። የቀረው ጊዜ በፎቶ አለቀ።

አደኑ የተከፈተው በህዳር መጀመሪያ፣ በፈረንጁ ህዳር አጋማሽ ላይ ነው። በ66 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ነድተን ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ገባን። እኔ ፈቃድ የለኝም፤ የተሸካሚነት ማዕረግ ተሰጥቶኝ ነው። ወዳጄ በ400 ዶላር የተገዛ ቅጠል ለብሷል፤ የኦክ ቅጠል፣ የጥድ ቅርንጫፍ፣ ቅርፊት ሳይቀር የታተመበት። ከበላዩ ደግሞ በ8 ዶላር የተገዛች የምታበራ ብርቱካናማ ሰደርያ፤ ቨርጂኒያ በጠመንጃ አደን ወቅት ካላደረጋችሁ አትገቡም ስለሚል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ሮዝም ተፈቅዷል፤ ለእኔ የደረሰኝ ሮዙ ነው። አጋዘን ብርቱካናማውን እኛ እንደምናየው አድምቃ አታየውም፤ በደንብ የምትለየው ሰማያዊውን ነው። እንግዲህ 400 ዶላሩ የወጣው ከማን ለመደበቅ እንደሆነ ሳሰላስል ተራራውን ሳላውቀው ጨረስኩት።

ሽታ የሚያጠፋ ፈሳሽም ተረጭተናል። ፈሳሹ ጥሩ ነው፤ ግን መኪናው ውስጥ ቁርሳችን ቋንጣ ፍርፍር ነበር። በዚያ ላይ ነፋሱ ከጀርባችን ነው። ሽቅብ ያሉት አጋዘኖች ከበርበሬው ተነስተው የባልትናውን ቤት ሳይቀር ሳይለዩት አይቀሩም። ነፋስ የሚያሳይ፣ ዱቄት የሚበትን ትንሽ ብልቃጥ ሱቁ ውስጥ ነበረ፤ ዋጋው 6 ዶላር ስለሆነ ወዳጄ እንደ ስድብ ቆጥሮት አልፏል።

ደግሞ ደኑን ማየት ነበረባችሁ። ዛፍ ከዛፍ ተቃቅፎ 80 ያርድ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል) ርቆ የሚታይ ቦታ ካገኙ ሰፊ ነው። ወዳጄ ግን የተዘጋጀው ለ1,000 ያርድ ነው። ጥይቱ እዚያ ሲደርስ ስንት ክንድ እንደሚወርድ የሚያሰላ መተግበሪያ ስልኩ ላይ ጭኗል፤ ኔትወርክ ስለሌለ መተግበሪያው ራሱ መንገድ ጠፍቶበታል። የርቀት መለኪያው ግን ይሠራል። ከፊታችን ያለችውን ጥድ ለካ፤ 19 ያርድ። ከጀርባዋ ያለችውን ለካ፤ 23። «ይገርማል!» አለኝ። በእርግጥም ይገርማል።

በሁለት እግሯ አቆማትና በደረቱ ተኛ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው ቅጠል ነው። የሚያቅፉት ግንድ፣ የሚደገፉት ቦርሳ፣ ቢጠፋ እንኳ የእረኛ ዱላ እንዳለ ያውቃል፤ ግን 140 ዶላር የወጣበት እግር እያለ ግንድ መደገፍ ሙሽሪትን ማዋረድ ነው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን በግራችን ኮሽታ ሰማን። በ30 እርምጃ ላይ አንዲት አጋዘን ቆማ ታየናለች፤ እኔ በባዶ ዓይኔ ጆሮዋን፣ ቅንድቧን ሳይቀር አይቻለሁ። ወዳጄ መነጽሩን ከ25 እጥፍ ዝቅ ማድረግ ረስቶታል። በ25 እጥፍ 100 ያርድ ላይ የሚታየው ስፋት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ 30 እርምጃ ላይ ክንድም አይሞላ። ደቂቃ ያህል ተመለከተና በሹክሹክታ «ጸጉር ይታየኛል» አለ።

«የምኗ ጸጉር?»

«ቡናማ ነው።»

አጋዘኗ ጅራቷን ሽቅብ አቁማ፣ ነጩን አሳይታን ሄደች። ከ3 እስከ 9 እጥፍ፣ እንዲያውም ከ2 እስከ 7 የሚያቀርብ ተራ መነጽር ቢኖረው ኖሮ እንስሳዋን ሙሉውን አይቶ በችኮላ ይተኩስ ነበር። የአጋዘን ጸጉር አንድ በአንድ የማየት ዕድል የደረሰው አዳኝ ግን በአካባቢው ሌላ አልነበረም።

ስንወርድ መኪና ማቆሚያው አጠገብ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አጋዘን በገመድ እየጎተቱ ደረሱ። አዘንኩላቸው። ጠመንጃቸው ባለ 30-30 ጥይት ናት፤ ጥይቷ ለገበያ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1895 ስለሆነ ዓድዋን በአንድ ዓመት ትቀድማለች። ማንገቻቸው የቆዳ፣ ላብ የጠጣ። አፈሙዙ ላይ ዝናብና በረዶ እንዳይገባ ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጥፈዋል። የመነጽሯ ክዳን በላስቲክ ታስራለች። ቢላዋ፣ ገመድ፣ የግንባር ባትሪ፤ ሁሉ ተደምሮ 100 ዶላር አይሞላም። ወዳጄ እንዳይሳቅባቸው ብሎ ፊቱን አዞረ። እኛ ቢላዋ አልያዝንም፤ ለምን ይዘን?

እንዲያውም አጋዘኖች ድምፅ ቢሰጣቸው የሚመርጡት ወዳጄን ነው። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣው ሕግ ከረጅም ጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ 11 በመቶ እየተቆረጠ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል። ወዳጄ ይከፍላል፣ ይከፍላል፤ አንዲትም አጋዘን አይነካም። ከዚህ የበለጠ ጠባቂ ምን ይፈለጋል?

ከዚያ ወዲያ ህዳር 15 ገባ፤ የነቢያት ጾም ተያዘ። ቢገድልም ሥጋው እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ የሚጾም ስለሆነ ጠመንጃዋ ወደ ነጭ ጨርቋ ተመለሰች። የጾሙን ወጥ ደግሞ እማማ አስበውበታል፤ በበጋው ጓሮ የተከሉት ያበሻ ጎመን ውርጩን ችሎ ለምልሞ ነበር። ነበር። አንድ ማለዳ ቡና ልጠጣ ሄጄ ሳለ እማማ በመስኮት አይተው «ኧረ በማርያም! ጎመኔን!» ብለው ጮኹ። ሦስት አጋዘኖች በሰልፍ ቆመው ይግጣሉ። ሰፈር መሀል በጠመንጃ መተኮስ ክልክል ነው፤ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ራሱ አጋዘን ሲበዛበት በብዛት ቀስተኞችን ነው የሚያሰማራው። አጋዘኖቹም ሕጉን ከእኛ በተሻለ ያውቁታል መሰለኝ፣ ቀና ብለውም አላዩንም።

ወዳጄ ከፎቅ እየሮጠ ወረደ። የርቀት መለኪያውን በመስኮቱ ደግኖ «11 ያርድ!» አለ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል።

እማማ መጥረጊያቸውን አንስተው በነጠላ ጫማ ወጡ። አንዷን ወገቧ ላይ አሳረፉባት፤ ሌሎቹ አጥሩን ዘለው ጠፉ። ሲመለሱ እያለከለኩ ነበር። ወዳጄ መጥረጊያውን ከእጃቸው ተቀበለና አገላብጦ፣ መዝኖ፣ በአንድ ዓይኑ ጫፉን አልሞ አየው።

«እማማ፣ ይሄ እኮ መያዣው ያንሸራትታል» አላቸው። «ላስቲክ ላልብስልዎት? ማንገቻም ቢኖረው…»